የቁጥር አራት ስብርባሪ ዴስኮች

ልጄ ክፍል ባለፈች ቁጥር የእኔ ደረጃ ይጨምራል። ቀልድ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱ የተሠራው እንደዚያ ነው። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ታች፣ ከግቢው ጋር እኩል ናቸው። ሦስተኛና አራተኛ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ አምስተኛና ስድስተኛ ሁለተኛው ላይ፣ ሰባተኛና ስምንተኛ ጣራው ሥር። ሌላው ወላጅ የልጁ ካርድ ላይ «ተዛውራለች» የሚለውን ሲያይ ልጁን ይስማል። እኔም እስማታለሁ። ከሳምኳት በኋላ ግን ወገቤን እይዛለሁ።

ሃምሳ አራት ደረጃ ነው። አሥራ ስምንት፣ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ስምንት። ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። በሁለት ዓመቷ ትኩሳት ከያዛት ወዲህ እግሮቿ አይሸከሟትም። ዊልቸር አላት፤ ከምሠራበት ሆስፒታል «አገልግሎቱን ጨርሷል» ተብሎ የተጣለ፣ እኔ ለምኜ ያወጣሁት። እሱ እስከ ደረጃው ሥር ያደርሳታል። ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ ጀርባ ነው። አባቷ በሕይወት አለ ይላሉ። ያየው ሰው ግን አላጋጠመኝም።

የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነኝ። እርጥብ አንሶላ ተሸክሞ የማያውቅ ሰው ሸክም አውቃለሁ አይበል። ደረቅ ዕቃ ባስቀመጡት ይቀመጣል፤ እርጥብ አንሶላ ግን ይንሸራተታል፣ ይጎትታል፣ ወደ ኋላ ይስባል። እኛ አጣቢዎች አስተሳሰር አለን። አንድ አንሶላ እናጥፍና ሸክሙን ከሥሩ አቅፈን፣ ጫፎቹን ደረት ላይ አቋርጠን ዳሌ ላይ እንቋጥራለን። ያኔ ክብደቱ ከትከሻ ወርዶ ዳሌ ላይ ያርፋል። ልጄንም የማዝላት እንደዚያ ነው። ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ፣ ጠዋት ወደ ላይ፣ ማታ ወደ ታች።

ጀርባዬ ላይ ሆና ትምህርቷን ትለኛለች። «እማ፣ ደም በልብ ስንት ጊዜ ያልፋል?» ትለኛለች። እኔ ትንፋሽ የለኝም። «አሁን የኔ ልብ ሊቆም ነው፣ እሱን ቁጠሪ» እላታለሁ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ ሴት ነኝ። ከዚያ በላይ የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት ደረጃ ላይ ነው።

ሌላ ሰው ይሸከምልሽ ያሉኝ ብዙ ናቸው። አንድ ቀን አሞኝ ዘበኛው ተሸከማት። ደግ ሰው ነው፣ ክፉ አላሰበም። ግን ደረጃው ላይ የቆሙ ወንዶች ልጆች አፏጩባት። ሦስት ቀን ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። ከዚያ በኋላ ከኔ ጀርባ በቀር ጀርባ አላውቅም አለች። እኔም ደስ አለኝ፤ እውነቱን ልናገር። የሥራ ባልደረቦቼ «ግግሟ» ይሉኛል። አንድ ነገር ከያዝኩ በሬ አያስለቅቀኝም።

ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ገባች። ዳይሬክተሩ አዲስ ነው። በዕድሜ ቢበልጠኝ እንጂ አያንሰኝም፣ ግን «እናቴ» ይለኛል። ሹም የሆነ ሰው «እናቴ» ሲለኝ ሊነፍገኝ እንደሆነ አውቃለሁ።

በምዝገባው ቀን አንድ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ።

«እናቴ፣ ይቺን ይፈርሙልኝ።»

«ምንድን ናት?»

«ለፋይል ነው። የልጅቷን ሁኔታ የሚገልጽ።»

ማንበብ እችላለሁ። ግን ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፣ ጣቴም መስመሩን ይከተላል፤ አንድ ገጽ እስክጨርስ ሻይ ይቀዘቅዛል። እሱ የእስክሪብቶውን ክዳን ነቅሎ ዘርግቶልኛል። ከኋላዬ ወላጆች ተሰልፈዋል። አንዷ ሰዓቷን ታያለች። አፈርኩ። ስሜን ግን አሳምሬ ነው የምጽፈው። እናም አንድ ቃል ሳላነብ፣ ስሜን አሳምሬ ጻፍኩ።

የወገቤ ነገር የመጣው በአንድ ማክሰኞ ነው። ከማሽኑ ውስጥ እርጥብ ብርድ ልብስ ስስብ ወገቤ ላይ የሆነ ነገር ቋ አለ። ማሽኑ የተሰበረ መስሎኝ ዞር ልል ስል፣ መዞር የለም። እዚያው እንደታጠፍኩ ቀረሁ። ላውንደሪያችን ከምርመራ ክፍሉ ሃምሳ እርምጃ አይሆንም፣ በቆሸሸ ልብስ ጋሪ ጭነው አደረሱኝ።

«ሦስት ወር ምንም ነገር አታነሺም» አለኝ ሐኪሙ።

«አላነሳም። ልጄን ብቻ።»

«ልጅሽ ስንት ኪሎ ናት?»

«ልጅ ይመዘናል እንዴ?»

መነጽሩን አወለቀ። «ስሚ እህቴ። አንድ ጊዜ ብቻ ተሳስተሽ ብታነሻት አንቺም ዊልቸር ያስፈልግሻል። ያኔ ማን ማንን እንደሚገፋ ተነጋገሩ።»

በማግስቱ ጠዋት ከባልደረቦቼ አንዷ ልትረዳኝ መጣች። እሷን «ነጎድጓድ» ነው የምንላት፤ ስታንሾካሹክ ሦስት ክፍል ያልፋል። ሴት ስለሆነች ልጄ እሺ አለች። እኔ የደረጃው ሥር ቆሜ ከታች አያለሁ። ነጎድጓድ አንደኛውን ፎቅ እየፎከረች ወጣች። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ድምፅ ጠፋ። ከዚያ ዘጭ ብላ ስትቀመጥ ተሰማኝ።

«አንቺ ሴትዮ!» አለች ከላይ። «ይቺ ልጅሽ ናት ወይስ ካዝና?»

ልጄ ሳቀች። ወርደው ሲመጡ ግን ሁለቱም አይስቁም ነበር። ነጎድጓድ ጉልበቷን ይዛ «ይቅር በይኝ» አለችኝ። የሥራ ሰዓት ደርሶባታል። ዊልቸሩን ወደ ቤት አዞርን። የመጀመሪያው ቀሪ ቀን ያ ነው።

በስድስተኛው ቀን ወገቤን በቀበቶ አስሬ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ዳይሬክተሩ ወንበር ሰጠኝ። መቀመጥ ስለማልችል ቆምኩ።

«እናቴ፣ ልጅቷ ስድስት ቀን ቀረች እኮ።»

«እሷ አልቀረችም። የቀረው የኔ ወገብ ነው።» ሐኪሙ ያለውን ነገርኩት። «ክፍሉን ወደ ታች ያውርዱልኝ። ሌላ ነገር አልጠይቅም።»

«የት ላውርደው? አንደኛ ክፍሎችን ወደ ላይ ላውጣ? ሕፃን ከፎቅ ቢወድቅ ማን ይጠየቃል?»

ልክ ነዋ። ለልጄ ብዬ የሰው ሕፃን ፎቅ ላይ አልሰቅልም።

«ቁጥር አራትስ?» አልኩት። ታች፣ ከቢሮው አጠገብ፣ ዓመቱን ሙሉ ተቆልፎ የሚውል ሰፊ ክፍል አለ።

«ንብረት አለበት» አለና መሳቢያውን ከፈተ። «ይልቅ ይሄ ነገር ያሳስበኛል። ይሄ የእርስዎ ፊርማ አይደለም?»

የኔ ነበር። ያማረ ፊርማ።

«ግልባጩን ይውሰዱት። እስከ አሥረኛው ቀን ካልመጣች እኔ እጄ ታስሯል።»

ቤት ወስጄ ለልጄ ሰጠኋት። እሷ እንደኔ በጣት አይደለም የምታነበው፤ በዓይኗ ጠርጋ ጨረሰችው። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። «ጮክ ብለሽ አንብቢው» አልኳት።

አነበበችው። ተማሪዋን እስከ መማሪያ ክፍሏ የማድረስ ኃላፊነት የወላጅ ብቻ ነው ይላል። ትምህርት ቤቱ በዚህ ረገድ አይጠየቅም ይላል። ወላጅ ማድረስ ሳትችል ቀርታ ተማሪዋ አሥር ተከታታይ የትምህርት ቀናት ብትቀር፣ በራሷ ፈቃድ እንዳቋረጠች ተቆጥሮ ስሟ ከመዝገብ ይሰረዛል ይላል። ከሥሩ የኔ ስም።

«እማ፣ ይሄን ፈርመሻል።»

«ፈርሜያለሁ።»

«ሳታነቢ?»

ምን ልበላት? ልጄን በየቀኑ ደረጃ አወጣለሁ፣ እኔ አንድ ገጽ መውጣት አቃተኝ ልበላት? ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችልኝና፣ «በቃ፣ ቤት እቀመጣለሁ» አለች።

«ሞቼ ነው ቆሜ!»

«ደክሞኛል እማ።»

«አንቺ ምን ያደክምሻል? ተሸካሚዋ እኔ!»

ያን ማለት አልነበረብኝም። ከአፍ የወጣ አይመለስም።

«መሸከም ብቻ ነው የሚያደክመው?» አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «እኔ ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ አልጠጣም፣ ታውቂያለሽ? ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው። ከጠጣሁ ማን ያወርደኛል? እረፍት ሲደወል ሁሉም ይወርዳል፣ እኔ መስኮት ላይ እቀራለሁ። ደረጃ ላይ ስታቃስቺ እያንዳንዷን እሰማታለሁ። ጆሮዬ አፍሽ ላይ እኮ ነው። ለዚያ ነው ስለ ልብ፣ ስለ ደም የምለፈልፍልሽ። እንዳልሰማሽ።»

ውሃውን አውቅ ነበር። ኮዳዋ እንደሞላች ትመለሳለች፤ እያየሁ እንዳላየሁ እደፋው ነበር። ሌላውን አላውቅም ነበር። ትምህርቷን የምትለኝ እንድማር ይመስለኝ ነበር።

«በቂጤ እየተንፏቀቅኩ ልውጣ» አለች ቀጥላ። «እችላለሁ። ሞክሬ አውቃለሁ።»

«ሰው እያየሽ? መሬት ለመሬት?»

«የሚያሳፍረው እኔን ነው አንቺን?»

አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል። እኔ ደግሞ እንቅልፍም መልስም የለኝም።

በሰባተኛው ቀን ተመልሼ ሄድኩ። ዳይሬክተሩ ስብሰባ ላይ ነው አሉኝ። ቁጥር አራት በር ላይ ሄጄ ቆምኩ። የዕቃ ቤቱ ሽማግሌ ከሩቅ አዩኝ። እሳቸውን ተማሪው ሁሉ «አባ ቁልፉ» ነው የሚላቸው፤ ሲራመዱ ከጉልበታቸው በፊት ቁልፋቸው ይሰማል።

«ምን ፈልገሽ ነው የኔ በር ላይ የምታፈጪው?»

«ክፈቱልኝና ልየው።»

«ማየት ምን ይጠቅምሻል?»

«ልጄን ምን እንዳስቀረብኝ ልወቀው።»

አጉረመረሙ፣ ከፈቱ። ዴስክ ነው። እስከ ጣራው። እግር የሌለው፣ ራስ የሌለው፣ ለሁለት የተሰነጠቀ፤ አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ወፍሯል።

«አንድ መቶ ሰባት» አሉ አባ ቁልፉ፣ በኩራት። «አንድም አልጎደለ።»

«ስብርባሪ ነው እኮ!»

«ስብርባሪ የሚሆነው ኮሚቴው ስብርባሪ ነው ሲለው ነው። እስከዚያ ዴስክ ነው።»

«ኮሚቴው መቼ ነው የሚሰበሰብ?»

«የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ሦስት አባል ነው። አንዱ ተዛወረ። አንዱ ጡረታ ወጣ። ሦስተኛው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እርስዎ አይሰበሰቡም?»

«እኔማ በየቀኑ እሰበሰባለሁ። ቃለ ጉባኤ ግን አይሆንም።»

ሳቄ መጣ፤ ስስቅ ወገቤ ተሰነጠቀ፤ በሩን ያዝኩ። ሽማግሌው ደንግጠው ከስብርባሪዎቹ መሃል ደህናውን መርጠው ስበው አወጡልኝና አስደገፉኝ። ከዚያ ማን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ኧ፣ የሷ እናት ነሽ?» አሉ። «የሚመለስ መጽሐፍ የምረከበው እኔ ነኝ። ከዚህ ሁሉ ተማሪ መጽሐፏ ጥጉ ያልታጠፈ እሷ ናት። ዕቃ የሚያከብር ሰው ደስ ይለኛል።»

«እንግዲያው ዕቃ የምታከብረዋን ልጅ ዕቃ አስቀራት» አልኳቸው።

ይሄ ገባቸው። ቁልፋቸውን እያገላበጡ ቆሙ።

«ዴስኮቹን ወደ ላይ፣ ወደ ልጄ ክፍል ብናወጣቸውና ክፍሉ ቢወርድስ?» አልኩ። «ከግቢ አይወጡ። አይጠፉ።»

«አይሆንም። መዝገቡ ላይ ‹ቁጥር አራት› ብሎ ነው የሰፈረው። ተቆጣጣሪ መጥቶ ቁጥር አራትን ከፍቶ ካላገኛቸው፣ ጠፉ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ጡረታዬ ደርሷል።»

በሩን ቆለፉ። እኔም ልሄድ ዞርኩ። ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መዝገቡ ፎቅ አያውቅም» አሉ።

«እንዴት?»

«‹ታች› አይልም፣ ‹ላይ› አይልም። ‹ቁጥር አራት› ነው የሚለው።» አገጫቸውን ወደ በሩ አናት ቀሰሩ። እዚያ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ቆርቆሮ በአራት ብሎን ታስራለች፤ ላይዋ ላይ 4 የሚል ቁጥር አለ። «ብሎን ደግሞ ይፈታል። እኔ ምንም አላልኩም። ካቻቪቴ ግን አለኝ።»

በስምንተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ዳይሬክተሩን መኪናው በር ላይ ያዝኩት። የልጄ ክፍል ቁጥር አሥራ አንድ ነው። አሥራ አንድ የሚለው ቆርቆሮ ታች ይምጣ፣ አራት የሚለው ላይ ይውጣ፣ ዴስኮቹም ቁጥራቸውን ተከትለው ይውጡ አልኩት። ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ያበድኩ የመሰለው ይመስለኛል።

«ስንት ሰው ነው የሚሸከመው? በጀት የለኝም።»

«ሰው አለኝ።»

«ወላጆች ያማርራሉ። ያ ክፍል ጨለማ ነው።»

«አምፖል አለ።»

ግራ ቀኝ አየ። «እሑድ ግቢው ዝግ ነው፣ እናቴ። ዝግ ግቢ ውስጥ የሚሆነውን እኔ አላይም። ሰኞ ስመጣ ዴስክ ኮሪደር ላይ ካለ ግን አያለሁ።» መኪናው ውስጥ ገባ፤ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ብቻ።»

እሺ አላለም፣ እምቢም አላለም። ሹም አፉን ሞልቶ እሺ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

እሑድ አምስት አጣቢዎች መጡ። በሳምንት ያለቻቸው ዕረፍት እሷው ናት። አንዷ የቤቷን ልብስ ልታጥብ ነበር፣ አንዷ ልትተኛ ነበር፣ ነጎድጓድ ጉልበቷ አሁንም አብጧል። ከሆስፒታሉ የተጣሉ አሮጌ አንሶላዎች ይዘን ነበር። ዴስኮቹን በኛው አስተሳሰር አዝለው፣ አንሶላውን ደረት ላይ አቋርጠው ዳሌ ላይ ቋጥረው፣ እየተከታተሉ መውጣት ጀመሩ። እኔን ከደረጃው ሥር ወንበር ላይ አስቀመጡኝ።

«እዩአት እስቲ!» አለች ነጎድጓድ። «እንደ ንግሥት! አክሊል ብቻ ነው የቀራት!»

አንዷን ትንሽ ስባሪ ላቀብል እጄን ስዘረጋ ከሁለተኛው ፎቅ አየችኝ።

«ግግሟ! እጅሽን ሰብስቢ! ከተነሳሽ ዴስኩን ትቼ አንቺን ነው የማዝለው!»

አባ ቁልፉ ደረጃው አፍ ላይ መዝገባቸውን ይዘው ቆመዋል። ዴስክ በጀርባ ላይ ባለፈ ቁጥር አንድ ምልክት ያደርጋሉ። አንዷ ባልደረባችን ሁለት እግር ብቻ የቀረው ብረት ተሸክማ መጣች።

«አባባ፣ ይሄም ዴስክ ነው?»

«ኮሚቴው እስኪል ድረስ ዴስክ ነው።»

«ኮሚቴው ይሸከመዋ!»

«ኮሚቴው ሪህ አለበት» አሉ አባ ቁልፉ፣ ምልክታቸውን እያደረጉ።

ሳቁ። ከሠላሳኛው በኋላ ግን ሳቅ ቀነሰ። ከስድሳኛው በኋላ ወሬም ቀረ። ላብና ትንፋሽ ብቻ፣ የእግር ኮቴ ብቻ። እኔ ተቀምጬ እሰማለሁ። አንዷ ፎቅ ስትጀምር ታቃስታለች፣ ሌላዋ ዝቅ ብላ ታርፋለች። ልጄ ያለችው ያኔ ነው የገባኝ። ተሸካሚ ሆኜ ማቃሰቴን አላውቀውም ነበር፤ ሲሸከሙልኝ ሰማሁት። በሬዲዮ «ትምህርት የሁሉም ሕፃን መብት ነው» ሲሉ እሰማለሁ፣ አምናለሁም። ብቻ መብቱን ሦስተኛ ፎቅ ላይ አስቀምጠውት ሄዱ፤ የሚያወርደው አምስት ሴት ሆነ፣ በዕረፍቷ ቀን።

መቶ ሰባቱ ወጥተው የልጄ ክፍል ሃያ ስድስት ደህና ዴስኮች ወረዱ። አባ ቁልፉ ወንበር ላይ ወጥተው ብሎኖቹን አሰሩ። ታች 11፣ ላይ 4። ወለሉን ጠረግን፤ ሲጠረግ ከአቧራው ሥር ሲሚንቶው ምን ያህል ደህና እንደነበር ታየ። አንዳችን ለአንዳችን ብዙም ሳንናገር ወደየቤታችን ሄድን።

ሰኞ ዘጠነኛው ቀን ነበር። ልጄ በዊልቸሯ እስከ ክፍሉ በር ደረሰች። በሩ ላይ አንዲት ከፍ ያለች ደፍ አለች፤ አባ ቁልፉ የፊቱን ጎማ አንስተው አሻገሯት። መምህሩ ስም ጠራ፣ የሷን ጠራ፣ ምልክት አደረገ። ያችን ምልክት በዓይኔ አይቼ ነው ወደ ሥራ የሄድኩት። ሥራ ላይ አለቃችን ወደ ማጠፊያ ጠረጴዛ አዛውራኝ ነበር። ቆሜ የትራስ ልብስ አጠፍኩ። ደስታ ጠብቄ ነበር። የመጣው እንቅልፍ ነው።

ከሰዓት ልወስዳት ስመጣ ቶሎ ስለደረስኩ ግቢው ውስጥ ካለች አጭር ግንብ ላይ ተቀመጥኩ። ዳይሬክተሩ በዚያ ሲያልፍ «በሚቀጥለው ዓመት ስምንተኛ ክፍል ናት፣ ክፍሏም ላይ ነው፤ እንግዲህ ያኔ እናያለን» አለኝ። በእጁ ሁለት የወላጅ ደብዳቤ ይዟል። ስለ ጨለማው ነው። የሚቀጥለውን ዓመት ዛሬ መሸከም አልቻልኩም።

ደወል ተደወለ፣ ልጆቹ ወጡ። ሁለት ዓመት ከልጄ ጎን የተቀመጠችው ልጅ ከጓደኛዋ ጋር በፊቴ አለፈች። እኔን አላየችኝም።

«መስኮቱ ሽንት ቤቱን ነው የሚያየው» ትላለች። «በሷ የተነሳ። ለአንድ ሰው ተብሎ ሃምሳ ሰው ጨለማ ውስጥ ገባ።»

ደሜ ፈላ። የምላት ሁሉ ተሰልፎ መጣልኝ። ሃምሳ አራት ደረጃውን፣ መቶ ሰባቱን፣ የነጎድጓድን ጉልበት፣ አንድ በአንድ ልቆጥርላት ከግንቡ ተነሳሁ። ልጄ በሩ ላይ ነበረች። የፊት ጎማዋ ደፏ ላይ ተይዟል። እሷም ሰምታለች።

«ተይ እማ» አለችኝ። «እዚያው ሁኚ።»

ከዚያ ልጅቷን ጠራቻት። በስሟ አልጠራቻትም።

«አንቺ! ነይ እስቲ። መጀመሪያ ይሄን አንሺልኝ፣ ከዚያ ትሰድቢኛለሽ።»

ልጅቷ ቆመች። ጓደኛዋን አየች፣ መሬቱን አየች። ፊቷን አጨማድዳ ተመለሰች። ጎማውን በጎን ያዘችው።

«እንደሱ አይደለም። ከፊት፣ ከብረቱ። ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ራስሽ።»

«ከባድ ነው!»

«ካዝና ነኝ፣ ምን ታደርጊዋለሽ። ሳቢ!»

ዘጭ ብሎ ወረደ። ልጅቷ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «ቢሆንም ጨለማ ነው» አለች።

«ነው። በሩ አጠገብ ግን ብርሃን አለ።»

«በሩ አጠገብ አንቺ ነሽ የተቀመጥሽው!»

«እና? ቀድሜ ነዋ የደረስኩት። በሕይወቴ የመጀመሪያ ጊዜ።»

«በተራ መሆን አለበት። ለመምህሩ ነው የምናገር።»

«ተናገሪ። እኔም እናገራለሁ።»

እየተጨቃጨቁ ወደ ውጪው በር ሄዱ፤ ልጄ ጎማዋን በእጇ እየገፋች፣ ልጅቷ ከጎኗ ሳትገፋላትም ሳትለያትም። ልከተላቸው ስል ወገቤ ያዘኝ፤ መልሼ ግንቡ ላይ ተቀመጥኩ። እስኪለቀኝ ጠበቅኩ። እነሱ አልጠበቁኝም።